ከረጢቱ የሚከፈተው ሰው ቤት ነው፦ ለልደት እንግዶች የሚበላ ስጦታ አመራረጥ

የትልቋ ልጄ ልደት ነሐሴ 5 ቀን ነው። ስድስት ዓመት የሞላት ጊዜ ዳቦው ተቆርሶ፣ ፈንዲሻው ተበትኖ፣ ልጆቹ ጨፍረው ሲደክማቸው በር ላይ ቆምኩና እየሳምኩ ለእያንዳንዳቸው በሪባን የታሰረች ከረጢት አስያዝኳቸው። ውስጧ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ የሠራሁት ዳቦ ቆሎ ነበር፤ በንጥር ቅቤ የታሸ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ። ፍልሰታ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። የእኔ ልጆች ገና መጾም ስላልጀመሩ «ሕፃናት አይደሉ እንዴ» ብዬ አልፌው ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዓመት መጾም ጀምሯል። ከረጢቷን ወደ አፍንጫው አስጠጋና «ቅቤ አለበት?» አለኝ። መዋሸት አልቻልኩም። አመስግኖኝ ሄደ። ከቀናት በኋላ እናቱ እየሳቀች እንደነገረችኝ፣ ከረጢቷ ቁም ሳጥን አናት ላይ ተቀምጣለች፤ ልጁ ጠዋት ጠዋት ወንበር ላይ ወጥቶ መኖሯን አይቶ ይወርዳል። እስከ ጾሙ ፍቺ አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ከረመ። ነሐሴ 16 ቀን ረፋዱ ላይ መጥቶ «ትንሽ ደርቋል፣ ግን ይጣፍጣል» አለኝ። ሳቅኩም፣ አፈርኩም።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ከሆንኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ሦስት ልጆችም አሉኝ። ስለዚህ ከረጢት በመስጠትም በመቀበልም ብዙ ጊዜ አሳልፌያለሁ። እናንተ ቤት የሚበላው ኬክ በዓይናችሁ ሥር ነው፤ ልጁን ትን ቢለው ትደርሱለታላችሁ፣ የማይበላው ነገር ካለ ትነግሩታላችሁ። ይዞት የሚሄደው ግን ታክሲ ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ ወይም ገብታችሁበት የማታውቁት ቤት ምንጣፍ ላይ፣ የዓመት ተኩል እህቱ አጠገብ ይከፈታል። እኔ አሁን የምመርጠው ያንን ቤት እያሰብኩ ነው።

መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። አብዛኛው ሰው ልደቱን ወደ ቅዳሜና እሑድ ስለሚገፋው ረቡዕና ዓርብ እምብዛም አያስቸግሩም። የሚያስቸግሩት ረጃጅሞቹ ናቸው፦ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ያለው የነቢያት ጾም፣ ፍልሰታ። ፍልሰታ ደግሞ የልጆች ጾም ነው፤ ሌላውን የማይጾም ሕፃን እንኳ ያችን ሁለት ሳምንት መሞከር ይወዳል፣ በመጾሙም ይኮራል። በእነዚህ ጊዜያት ከረጢቱ ውስጥ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይግቡ። ብስኩት ስትገዙ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የወተት ዱቄት የሌለበት ብስኩት ከምታስቡት በታች ነው። ቸኮሌትም ጥቁሩ ካልሆነ በቀር ወተት አለው፤ ጥቁሩም ቢሆን አንዳንዱ አለበትና አገላብጣችሁ እዩ።

ረመዳን ላይ ከዋለ ነገሩ ይቀልላል። የሚጾመው ልጅ በልደቱ ላይ አይበላም፤ ከረጢቱ ግን አብሮት ቤት ይገባና ማታ ጾም ሲፈታ ይከፈታል። በዚያ ወቅት ሦስት አራት ቴምር እጨምራለሁ። ዘሩን አስቀድሜ አወጣዋለሁ፤ ልጅ ቴምርን ከነዘሩ ነው የሚጎርሰው።

ቀን መቁጠሪያ የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ እሱን የምትነግራችሁ የልጁ እናት ናት። ግብዣውን በስልክ ስናገር ሁለት ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «የማይስማማው ምግብ አለ? ቤት ውስጥ ከእሱ የሚያንስ ልጅ አለ?» ብዙዎቹ «ኧረ የሰጠሽውን ይበላል» ይላሉ። አንዷ ግን ዝም ብላ ቆይታ ልጇ ለውዝ በልቶ ፊቱ አብጦ ሐኪም ቤት እንዳደረሰችው ነገረችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ክፍሌ ውስጥ የተማረ ልጅ ነው። እኔም ጠይቄያት አላውቅም፣ እሷም ሰው እንዳይቸገርባት ብላ ዝም ብላለች። እኛ አገር «ይህን አልበላም» ማለት እንደ ነውር ስለሚታይ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጋባዡ ነው። ለውዝና ሰሊጥ ለአንዳንድ ልጅ በጥቂቱም አደገኛ ናቸው። ከእንግዶቹ አንዱ እንዲህ ያለ ችግር ካለበት ለእሱ ብቻ የተለየ ከረጢት ማዘጋጀት አይበቃም፤ ልጆች በር ላይ ሳይደርሱ ይለዋወጣሉ። ከሁሉም ከረጢት አውጡት።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የሚያንሰው ልጅ ጉዳይ፣ እኔን ከሁሉ በላይ ያስፈራኛል። ትንንሽ ልጆች ጠንካራ ነገር ገና በደንብ አያደቁም፣ የአየር ቧንቧቸው ጠባብ ነው፣ አፋቸው ሞልቶ ይስቃሉ፣ ይሮጣሉ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ለውዝ እንዳለ አይሰጥም። ቆሎም፣ ፈንዲሻም፣ ድፍን ከረሜላም ለእሱ አይሆኑም። «እኛ በቆሎ አይደል ያደግነው» የሚል አይጠፋም። እኔም በቆሎ ነው ያደግኩት፤ ከሰፈራችን ልጆች አንዱን ግን ሽምብራ ትን ብሎት ጀርባው ሲመታ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ተርፏል፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ከረጢት አዘጋጃለሁ። ቀይ ክር የታሰረበት ከአምስት ዓመት በላይ ለሆኑት ነው፤ ዳቦ ቆሎ ወይም ቆሎ አለው። አረንጓዴ ክር የታሰረበት ለትንንሾቹ ነው፤ እሱ ውስጥ የልጅ መዳፍ የምታክል ለስላሳ አምባሻና አንድ ሙዝ ይገባሉ። አምባሻዋን በልደቱ ጠዋት እጋግራለሁ፤ በማግስቱም ለስላሳ ናት፣ በሦስተኛው ቀን ግን አትበላም። ሙዙን ሲሰጥ እንዲደርስ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ጠንካራውን እገዛለሁ። ትልልቆቹ ቤት ታናሽ ካላቸው ደግሞ ቀዩን ክር ድርብ ቋጠሮ አስረዋለሁ፤ የስድስት ዓመት ልጅ በራሱ መፍታት ይቸግረዋል፣ «እማዬ ፍቺልኝ» ይላል፣ እናቲቱም ምን እንደገባ ታያለች።

ጥቂት ነገሮችን በአጭሩ ልለፋቸው። ማስቲካ አልሰጥም፤ ከሴቶች ልጆች ጸጉር ውስጥ ስንቱን በመቀስ እንዳወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እንጨት ያለው ከረሜላ እየሮጡ ስለሚመጠጥ አልወደውም። በትንንሽ ብልቃጥ የሚሰጥ ማር ያምራል፤ ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ጨርሶ አይሰጥም፣ አንጀቱ ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋስ ሊያስገባበት ይችላል፤ ቤቱ አራስ ወይም ጨቅላ ካለ ተዉት። ጭኮ ለትልልቅ ልጆች ድንቅ ነው፣ ይጠግባሉም። ቅቤው ግን ወረቀቱን አልፎ የልደት ቀሚስ ያበላሻል።

ጄሊ ከረሜላ ግን ብዙ እናቶች ሳያውቁት የሚሳሳቱበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ያ በጣት ሲጫኑት የሚመለሰው፣ ድብ ወይም ትል መስሎ የሚሸጠው፣ አብዛኛው የሚረጋው በጄላቲን ነው። ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ ከከብትም ከአሳማም ይሠራል። የአሳማው ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም ልጅ አይሆንም፤ የከብቱም በጾም አይበላም። ማሸጊያው ላይ የሐላል ምልክት ካለው አንዱ ጥያቄ ይፈታል፣ የጾሙ አይፈታም። በፔክቲን የረጋ ከተጻፈበት ከፍራፍሬ የተገኘ ነውና በሁለቱም በኩል ሰላም ነው። ነጩ፣ ለስላሳው፣ እንደ ጥጥ የሚጨመቀው ማርሽማሎም እንዲሁ ጄላቲን አለው። ማሸጊያው በማታነቡት ቋንቋ ከሆነ መደርደሪያው ላይ መልሱት።

ቸኮሌት ልጆች ይወዱታል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ መላላት ይጀምራል። አዲስ አበባ ጥላ ውስጥ ችግር የለም፤ ፀሐይ ያረፈበት የታክሲ መስኮት ሥር ግን ከረጢቱ በአሥር ደቂቃ ጭቃ ይሆናል። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ የምትኖሩ ባትሞክሩት ይሻላል። ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ከጣለበት ሱቅ ውስጥ ቀልጦ እንደገና የረጋ ሊሆን ይችላል፤ አይመርዝም፣ ግን አያያዙን ይናገራል። የሚያበቃበትን ቀን ስታዩ ደግሞ በማን አቆጣጠር እንደተጻፈ ልብ በሉ። የእኛ ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል፤ የአገር ውስጡ አንዳንዱ በእኛ ዓመተ ምሕረት ይጻፋል፣ ከውጭ የመጣው ግን በእነሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ገና ትኩስ የሆነ ብስኩት «ሰባት ዓመት አልፎታል» ብዬ ባለሱቁን የተጣላሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ዳቦ ቆሎው ልግባ፤ ለዓመታት ከሞከርኩት ሁሉ የሚያረካኝ እሱ ነው። አይቀልጥም፣ አይፈስም፣ በቆርቆሮ ተከድኖ ሳምንታት ይቆያል፣ በዘይት ከተሠራ የጾም ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለም አውቃለሁ።

1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ 1 ብርጭቆ ተኩል ገደማ ለብ ያለ ውኃ። በርበሬ ለትልልቅ ሰዎች ተዉት። ስኳሩንና ጨውን አስቀድማችሁ ውኃው ውስጥ አሟሟቸው፤ ደረቁን ስኳር ዱቄት ላይ ካፈሰሳችሁት ሲቆላ እዚህም እዚያም ይነቁጣል፣ ያርራል። ዘይቱን ዱቄቱ ውስጥ በመዳፋችሁ አሹት፤ ስትጨብጡት ቅርጽ ሲይዝ ውኃውን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ሊጡ ጠንካራ መሆን አለበት፣ ከዳቦ ሊጥ በጣም የጠነከረ። እጃችሁ ላይ ከተጣበቀ ውኃ በዝቷል፤ ዱቄት ጨምሩ። ሸፍናችሁ ለግማሽ ሰዓት አሳርፉት፤ ሳያርፍ ከተዳመጠ እየተኮማተረ ያስቸግራል።

ከዚያ የእርሳስ ውፍረት ባላቸው ረጃጅም ጥቅልሎች እየዳመጣችሁ ሽምብራ ሽምብራ አሳክላችሁ ቁረጡ። እዚህ ላይ ልጆቹን አስገቡ። ትልቋ ልጄ አፉ ደንዘዝ ባለ ቢላዋ ትቆርጣለች፣ መካከለኛው ዱቄት ነስንሶ ይለያያል፣ ትንሹ ሊጡን ይበላል። መጠኑ አይስተካከልም፤ ግዴለም፣ ብቻ በጣም ትልልቆቹን ለይታችሁ ለብቻ ቁሉ፣ አለበለዚያ ትንንሾቹ ሲያርሩ እነሱ ውስጣቸው ሊጥ ይሆናል።

በምጣድ ከሆነ እሳቱን ቀንሱ፣ ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ቁሉት፣ እጃችሁም ከማማሰያው አይለይ። በምድጃ ከሆነ 180 ዲግሪ ላይ 25 ደቂቃ ያህል፤ መሃል ላይ ሁለት ጊዜ አገላብጡት። መብሰሉን የምለየው በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው። መጀመሪያ ምጣዱን ስታነቃንቁት ድምፁ የታፈነ ነው፣ እርጥብ አፈር የሚበተን ይመስላል። ቀስ በቀስ ይጠራና መጨረሻ ላይ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ያን ጊዜ አንዱን አውጥታችሁ አቀዝቅዙና ንከሱት፤ ቀጭ ካለ አውርዱ። ትኩሱን መንከስ አይጠቅምም፣ ትኩስ ሳለ ሁሌም ለስላሳ ነው።

ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አቀዝቅዙት። ቸኩላችሁ ሞቅ እንዳለ ከረጢት ውስጥ ከከተታችሁት ያልበዋል፣ በነጋታው ላስቲክ ይሆናል። እኔ ሐሙስ ማታ ሠርቼ፣ ሌሊቱን ሰፌድ ላይ አሳድሬ፣ ዓርብ አሽጌ፣ ቅዳሜ እሰጣለሁ። ለአንድ ልጅ አንድ የቡና ስኒ ሙሉ ይበቃል፤ በዚህ ልክ 1 ኪሎ ዱቄት ከሃያ ልጅ በላይ ያዳርሳል።

ጊዜ ከሌላችሁ ቆሎ ግዙ። የታሸገውን ሳይሆን ሰፈር ውስጥ ቆልታ በስኒ የምትሸጠውን ሴት ፈልጉ፤ ከአንድ ቀን በፊት ከነገራችኋት ገብሱንና ሽምብራውን ለብቻ፣ ያለ ለውዝ ትቆላላችኋለች። ለውዝ የምትገዙ ከሆነ አንድ ፍሬ ፈልጣችሁ ቅመሱ። የመረረውን፣ የጨማደደውንና የሻገተውን አትግዙ፤ ለውዝ ላይ የሚወጣው ሻጋታ የሚተወው መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ውሸት ይሆናል። በጥቅሉ ግን በኪሎ ገዝቶ ቤት ማሸግ፣ ተዘጋጅቶ በከረጢት ከሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል።

እህቴ ያለችው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የልጇ ትምህርት ቤት ከፋብሪካ ታሽጎ የይዘት ዝርዝር ካልተጻፈበት በቀር ምንም የሚበላ ነገር አይቀበልም። መጀመሪያ ሰምቼ ተናድጄ ነበር፤ የእኛን ዳቦ ቆሎ! በኋላ ግን ዝርዝሩን የመጻፉን ነገር ወሰድኩት። አሁን እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ትንሽ ወረቀት አስራለሁ፦ «ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ጨው። የጾም ነው። ለውዝ የለበትም።» ወላጅ ደውሎ እንዲጠይቀኝ አልጠብቅም። ለውዝ በቆላሁበት ምጣድ ከሠራሁት ግን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አልጽፋትም።

ማሸጊያው ካኪ ወረቀት ይሁን። ፌስታል በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ ተከልክሏል፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን ትንሽ ልጅ ጭንቅላቱ ላይ የሚያጠልቀው ነገር ስለሆነ ወድጄው አላውቅም። የጋዜጣ ወረቀት ቀለሙ ቅባት ያለው ምግብ ላይ ስለሚያርፍ አትጠቀሙ። ከረጢቱን በስቴፕለር ደግሞ አትዝጉ። አንድ ዓመት ቸኩዬ ሰላሳ ከረጢት በስቴፕለር ዘጋሁ፤ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪዬ «ሚስ፣ ይህቺ ቆሎ ትወጋለች» ብላ ከአፏ ያወጣችው የራሴን ሽቦ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ክር ብቻ ነው የምጠቀመው።

ስም አትጻፉበት። ያምራል፣ ልጆችም ስማቸውን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ነገር ግን የእኛ ልደት በተጠራው ሰው ልክ አይመጣም። 18 ልጅ ጠርቼ 27 መጥቷል። የአክስት ልጅ ከእንግድነት ሰንብቶ አብሮ ይመጣል፣ የጎረቤት ልጅ ሙዚቃ ሰምቶ ይገባል፣ አንዷም ሁለት ልጆቿን አስከትላ ትደርሳለች። ስም በጻፍኩበት ዓመት፣ ከአጎቷ ልጅ ጋር የመጣች የአምስት ዓመት ልጅ ከረጢቶቹ የተደረደሩበት ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ በአንድ ስትዞር አየኋት። ገና ማንበብ አትችልም፤ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ታውቃለች። በዚያ ፊደል የሚጀምር ስም አገኘችና አነሳች፣ ባለስሙም መጥቶ ነጠቃት። ያን ማታ ስሙን ሁሉ ፋቅኩት። አሁን የጠራሁትን ቆጥሬ ሲሶውን እጨምራለሁ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ አራት አምስት አረንጓዴ ክር ያላቸውን። በር ላይ «ለታናሼስ?» የሚል ልጅ ሁልጊዜ አለ፤ ባዶ እጁን መመለስ አይቻልም።

አሰጣጡም በር ላይ፣ ጫማ ካጠለቁ በኋላ ይሁን። መሃል ላይ ከሰጣችሁት ይከፈታል፣ ይፈሳል፣ ይረገጣል፣ ኬኩም ሳይበላ ይቀራል። ቀዩን ከአረንጓዴው ለይታችሁ በሁለት ሰፌድ አስቀምጡ፤ አንድ ትልቅ ልጅ ደግሞ አጠገባችሁ ቁሞ ይርዳችሁ። የጎረቤታችን ልጅ፣ ያ ቁም ሳጥኑን አናት ለማየት ወንበር ላይ ሲወጣ የነበረው፣ ዘንድሮ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶታል፤ በልጄ ልደት ላይ ሰፌዱን የያዘልኝ እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሲሰጥ «የጾም ነው፣ በዘይት ነው» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። መጨረሻ ላይ ስድስት ከረጢት ተረፈ። ሁለቱን ወሰደ፣ አራቱን በማግስቱ እናቱና እኔ ለቡና ቁርስ አደረግናቸው።